ካርዱ ሲግል፣ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት

«ካርዴ 83 ዲግሪ ደረሰ፤ ሊቃጠልብኝ ነው እንዴ?»

ጓደኞቼ ስለ ኮምፒውተር ከሚጠይቁኝ ነገር ሁሉ ይሄን ያህል የሚደጋገም የለም። ካርድ የሚሉት ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል የሚሠራውን የግራፊክስ ካርድ ነው። ጠያቂው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቸኩሎ ነው የሚመጣው። አንዱ ካርዱን ሊፈታው ብሎኖቹን አላልቶ ጨርሷል። ሌላው የኬዙን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ሳጥን፣ ጎን ከፍቶ ትልቅ ፋን ደቅኖበታል። በረዶ በላስቲክ ጠቅልዬ ላስጠጋው ወይ ብሎ የጠየቀኝም አለ። ለሁሉም የምለው ተመሳሳይ ነው፦ ቆይ፣ ተረጋጋ፣ መጀመሪያ ሙቀቱ የት ጋ እንደታገተ እንይ።

ይሄን የምጽፈው ያ ጥድፊያ ስለሚያሳስበኝ ነው። እጄ ከገቡት ካርዶች ውስጥ ሙቀት ብቻውን የገደለው እምብዛም አላየሁም። ለማቀዝቀዝ ሲባል የተጎዳ ግን አይቻለሁ። የፋን ገመዱ የተበጠሰ፣ ክንፉ የተሰበረ፣ ቺፑ ጠርዝ ላይ የተሸረፈ። ካርድ ውድ ዕቃ ነው፣ ብዙ ሰው ተቆጥቦና ተጠራቅሞ ነው የሚገዛው፤ ስለዚህ ከድጡ ወደ ማጡ እንዳይሆን በቅደም ተከተል መሄድ ይሻላል። ቅደም ተከተሉም ቀላል ነው። ምንም ከማያስነካው ጀምሮ ካርዱን እስከሚያስፈታው።

ቁጥሩን ከማንበብ እንጀምር። ጂፒዩ-ዚ ወይም ኤችደብሊው-ኢንፎ የሚባሉትን ነፃ ፕሮግራሞች ስትከፍቱ አንድ ሙቀት ብቻ አይደለም የምታዩት። አንደኛው የቺፑ ጠቅላላ ሙቀት ነው። ሁለተኛው ሆት ስፖት ይባላል፤ ቺፑ ላይ ከተበተኑት ሴንሰሮች መካከል ከሁሉም የጋለውን የሚያሳይ ነው። ሦስተኛው የሜሞሪው ነው፣ ሆት ስፖቱም የሜሞሪውም ግን በሁሉም ካርድ ላይ አይታዩም። እንግዲህ ጓደኛዬን ያስደነገጠው 83 ዲግሪ ጌም እየተጫወተ ወይም ሬንደር እያደረገ (ምስል ወይም ቪዲዮ በኮምፒውተር አቀናብሮ እያወጣ) ከሆነ ያን ያህል አያስጨንቅም። የካርድ ቺፕ ከሚሠሩት ኩባንያዎች አንዱ ኤንቪዲያ ለአርቲኤክስ 3080 ካርዱ ያስቀመጠው ከፍተኛ ሙቀት 93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ለ4090 ደግሞ 90። ተፎካካሪው ኤኤምዲ በ2019 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የአርኤክስ 5700 ካርዶቹን ሲያወጣ ሆት ስፖቱ እስከ 110 ዲግሪ መድረሱ የሚጠበቅ ነው ብሎ በግልጽ ተናግሯል።

ካርዱ ገደቡ ላይ ሲደርስስ? አይፈነዳም። ፍጥነቱንና ቮልቴጁን ራሱ ይቀንሳል። ትሮትሊንግ የሚሉት ይሄ ነው። ያም አልበቃ ሲል ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ማለትም መከላከያው አብሮት ተሠርቷል፤ እናንተ የምታዩት ውጤት ጌሙ መንተፋተፉ፣ ሬንደሩ መዘግየቱና የፋኑ ጩኸት ነው። ይሄ ማለት ግን ችላ በሉት ማለት አይደለም። ሁልጊዜ ገደቡ ላይ የሚኖር ካርድ የከፈላችሁበትን ፍጥነት አይሰጣችሁም፣ ፋኑም ቶሎ ያረጃል።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔ የማምነው ለውጡን ነው። ካርዱ አዲስ እያለ በአንድ ጌም 70 ዲግሪ ላይ ይረጋ ከነበረና ዛሬ በዚያው ጌም፣ በዚያው ክፍል 84 ከገባ፣ አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው። የሌላ ሰው ካርድ ከተወለደ ጀምሮ 80 ላይ ሲሠራ ቢኖር ምንም ችግር የለበትም። ለዚህ ነው አዲስ ካርድ የገዛ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የቺፑን፣ የሆት ስፖቱንና የክፍሉን ሙቀት የሆነ ቦታ ጽፎ እንዲያስቀምጥ የምወተውተው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከዚያች ማስታወሻ የሚበልጥ መረጃ አታገኙም። የክፍሉን ሙቀት ያልኩት በከንቱ አይደለም። ፋን የክፍሉን አየር ነው የሚያነፍሰው፣ ስለዚህ ክፍሉ 10 ዲግሪ ሲጨምር ካርዱም ወደዚያው ገደማ ይጨምራል። በሙቅ ወራት «ካርዴ ተበላሸ» የሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ ካርዳቸው ደህና ነው።

አሁን ወደ መንገዱ። ማቀዝቀዝ ስንል ሙቀትን ማጥፋት ይመስለናል፣ ግን ሙቀት አይጠፋም፤ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል እንጂ። አርቲኤክስ 4090 በሙሉ ኃይሉ እስከ 450 ዋት ይበላል፣ ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ መጨረሻው ሙቀት ነው፣ የሚወጣውም ከአውራ ጣት ጥቂት ከሚሰፋ ቺፕ ነው። ከቺፑ ወደ ፔስቱ (በቺፑና በመዳቡ መካከል ወደሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት)፣ ከፔስቱ ወደ መዳቡ፣ ከመዳቡ በቱቦዎቹ አድርጎ ወደ ቀጫጭኖቹ የአሉሚኒየም ክንፎች፣ ከክንፎቹ ወደ አየር፣ ከዚያ ከኬዙ ወደ ክፍሉ። አንዱ ጋ ከታገተ ከኋላው ያለው ሁሉ ይግላል። ካርዱን ከመፍታት በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄም እሱ ነው፦ የትኛው ጋ?

እነዚያ ቱቦዎች በጣም ይገርሙኛል። ከውጭ ሲታዩ ድፍን መዳብ ይመስላሉ። ውስጣቸው ግን ባዶ ነው፣ ጥቂት ውሃም አለበት። አየሩ ስለተመጠጠ ውሃው ከ100 ዲግሪ በጣም በታች ይፈላል። ቺፑ ጋ ሲፈላ ተን ሆኖ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሮጣል፣ እዚያ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ በውስጠኛው ሽፋን ተስቦ ወደ ቺፑ ይመለሳል። ማንም ሳያንቀሳቅሰው። ያቺ ጥቂት ውሃ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነች በ2022 መጨረሻ ታየ። የኤኤምዲ አርኤክስ 7900 ኤክስቲኤክስ እንደወጣ አንዳንድ ገዢዎች ሆት ስፖቱ 110 ደርሶ ካርዱ ይዘገያል ብለው አማረሩ። ኩባንያውም ጥቂት ካርዶች ላይ የተን ክፍሉ (እንደ ቱቦዎቹ የሚሠራው ጠፍጣፋ ክፍል) በቂ ውሃ እንዳልተሞላበት በ2023 መጀመሪያ አመነ። እንዲህ ዓይነቱን ፔስት በመቀየር አታስተካክሉትም፣ መፍትሔው መልሶ ማስቀየር ነው። እነዚያን ሰዎች አስቡ፤ ወዲያው ፈትተውት ቢሆን ኖሮ ዋስትናቸውን ሊያወዛግቡ ነበር።

እሺ፣ ምንም ሳንነካ ምን ማድረግ እንችላለን? ብዙ ነገር። ብዙ ሰው የሚዘለው ክፍል ይሄ ስለሆነ እዚህ ትንሽ ልቆይ።

ሙቀቱን ለማስወጣት ከመታገል በፊት መጀመሪያውኑ ያነሰ ሙቀት ማመንጨት ይቻላል። አንደኛው መንገድ የፍሬሙን ቁጥር፣ ማለትም ካርዱ በሰከንድ የሚሠራውን ምስል ብዛት፣ መገደብ ነው። ስክሪናችሁ በሰከንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ ከሆነና ካርዱ 200 እያመረተ ከሆነ፣ ትርፉ አብዛኛው ለሙቀት ነው የሚሄደው። ጌሞች ውስጥ በጣም የሚያስቸግረው ደግሞ ምንም የማይካሄድበት ቦታ፣ ሜኑው ነው፤ የሚሳለው ቀላል ስለሆነ ካርዱ ገደብ ካልተደረገለት ሺህ ፍሬም ለማውጣት ይሮጣል። በ2010 ስታርክራፍት 2 ሲወጣ ይሄ ችግር ተነስቶ አምራቹ ተጫዋቾች ፍሬሙን እንዲገድቡ መክሯል። በ2021 ኒው ወርልድ የተባለው ጌም በሙከራ ላይ እያለ አንዳንድ አርቲኤክስ 3090 ካርዶች ሲሞቱም ጌሙ ሜኑው ላይ ገደብ ተጨመረለት። እዚያ ላይ ግን ካርዶቹን የሠራው ኢቪጂኤ በኋላ ያገኘው ምክንያት የብየዳ ጉድለት ነበር፤ ጤነኛ ካርድን ሜኑ አይገድለውም። ቢሆንም ገደቡን አድርጉት። ከድራይቨሩ (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር ከሚያግባባው ፕሮግራም) ቅንብር ውስጥ በጥቂት ክሊክ ያልቃል።

ሁለተኛው የኃይል ገደብ ነው። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለው ፕሮግራም ላይ ፓወር ሊሚት የምትል መስመር አለች። 100 ላይ ያለችውን ወደ 80 ስባችሁ ሞክሩ። ፍጥነቱ በ20 ከመቶ ይቀንሳል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ትገረማላችሁ፣ የሚቀንሰው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ምክንያቱም ፋብሪካዎች ካርዱን የመጨረሻዋን ጠብታ ፍጥነት እንዲያወጣ ገፍተው ነው የሚልኩት፣ ያቺ የመጨረሻዋ ጠብታ ደግሞ በዋት ስትታይ ከሁሉም ውድ ናት።

ሦስተኛው አንደርቮልት፣ ማለትም ቮልቴጁን ዝቅ ማድረግ ነው፣ እኔ በጣም የምወደው። ቺፕ የሚበላው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። ካርዱ በ1.05 ቮልት ይሠራበት የነበረውን ፍጥነት በ0.90 ቮልት ቢሠራው፣ ቮልቴጁ የቀነሰው 14 ከመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ለስሌት የሚወጣው ኃይል ከሩብ በላይ ይቀንሳል። ፍጥነቱ ያው ነው። ሙቀቱ ግን ያው አይደለም። ሁሉም ቺፕ እኩል አይችልም፣ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ዝቅ እያደረጋችሁ፣ በየደረጃው ከበድ ባለ ጌም ወይም ሬንደር እየፈተናችሁ መሄድ አለባችሁ። ከበዛበት ጌሙ ይዘጋል ወይም ድራይቨሩ ራሱን ያስነሳል፤ ያኔ አንድ ደረጃ ትመለሳላችሁ። ቮልቴጅ በመቀነስ ካርድ አይቃጠልም። ሰዓታት በሚፈጅ ሬንደር አጠገብ ተቀምጬ ስሠራ ፋኑ ድምፁ ዝቅ ብሎ መስማት ለእኔ ከሁለትና ሦስት ከመቶ ፍጥነት ይበልጥብኛል፤ በዚህ ማንም አያሳምነኝም።

የፋኑን ከርቭ ማስተካከልም አለ፣ ማለትም በስንት ዲግሪ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚዞር። ብዙ ካርዶች ሲያርፉ ፋናቸውን ጨርሶ ስለሚያቆሙ ፋኑ ቆሞ ብታዩት አትደንግጡ። በሥራ ላይ ሆኖ 70 እና 80 እያለፈ ካልዞረ ግን ኮምፒውተሩን አጥፉ። ችግሩ ሁልጊዜ ፋኑ ላይ ነው ማለትም አይደለም። በመጋቢት 2010 ኤንቪዲያ 196.75 የተባለውን ድራይቨር ካወጣ በኋላ የፋን መቆጣጠሪያው በመሳቱ ካርዶች ስለጋሉ ድራይቨሩን ለማንሳት ተገዷል። ስለዚህ ችግሩ የጀመረው ድራይቨር ባዘመናችሁ ማግስት ከሆነ፣ መጀመሪያ ወደ ቀድሞው ተመለሱ።

ቀጥሎ ኬዙ። እዚህ አንድ ቀላል ሙከራ አለች። ካርዱ ሲሠራ 15 ወይም 20 ደቂቃ ጠብቃችሁ የረጋበትን ሙቀት ጻፉ። ከዚያ የኬዙን የጎን መዝጊያ አውልቃችሁ ያንኑ ድገሙ። ሙቀቱ ብዙ ዲግሪ ከወረደ ካርዱ ጤነኛ ነው፣ የታፈነው ኬዙ ነው። ትኩስ አየሩ ሳይወጣ ካርዱ መልሶ እየተነፈሰው ነበር ማለት ነው። መፍትሔው ከፊትና ከታች አየር የሚያስገባ፣ ከኋላና ከላይ የሚያስወጣ ፋን ማድረግ ነው። ከፊት የምታስገቡት ከምታስወጡት ትንሽ ቢበልጥ ይመረጣል፤ አቧራ ያለ ወንፊት በየስንጥቁ አይገባም። ከግድግዳ ማራቅ፣ ምንጣፍ ላይ አለማስቀመጥ፣ የፊት ወንፊቱን መጥረግ፤ ይሄ ሁሉ ነፃ ነው። ጎኑን ከፍቶ መተው ግን ለሙከራ እንጂ ለኑሮ አይሆንም። ላፕቶፕ የያዛችሁ ደግሞ አልጋና ትራስ ላይ አትጠቀሙበት፣ ከኋላ በኩል ጣት በሚያህል ከፍ አድርጉት፤ አየር የሚስበው ከሥሩ ነው።

ጎኑን ከፍቶ ምንም ካልተለወጠ ወደ አቧራው እንሂድ። ለዓመታት ያልተጠረገ ካርድ ከላይ ሲያዩት ደህና ሊመስል ይችላል። ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ፋኖቹን በጣት ቀስ አድርጋችሁ አዙሩና በክንፎቻቸው መካከል በባትሪ እዩ። ፋኑና የአሉሚኒየም ክንፎቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ ከፋኑ ሥር ተሸጉጦ፣ ግራጫ ብርድ ልብስ የመሰለ አቧራ ተነጥፎ ታገኙታላችሁ፤ ወፍራም፣ የተያያዘ፣ በቆንጢጣ ሲይዙት ሳይበጣጠስ አንድ ላይ የሚነሳ። ፋኑ በሙሉ ኃይሉ እየጮኸ ከኋላው ትንፋሽ አየር የማይወጣው በዚህ ነው።

አጠራረጉ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ማብሪያ ዝጉ፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ከዚያ የመክፈቻ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑ፤ ውስጥ የቀረው ኃይል ይወጣል። ካርዱን ከመንካታችሁ በፊት የኬዙን ቀለም ያልተቀባ ብረት ንኩ፣ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ እዚያ ይራገፍ። ካርዱን ስታወጡ መጀመሪያ የኃይል ገመዱን ንቀሉ፣ ብሎኖቹን ፍቱ፣ ካርዱ የተሰካበት ዋናው ሰሌዳ (ማዘርቦርዱ) ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ተጭናችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ይቺ መቆለፊያ ትረሳለች፣ በጉልበት የሳበም ሶኬቱን ይዞት ይመጣል። አየር ስትነፉ የፋኑን ክንፍ በጣት ወይም በእንጨት ያዙት፤ ከተፈቀደለት በላይ ከዞረ መሽከርከሪያው ይጎዳል። የታመቀ አየር ያለበትን ጣሳ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ከዘነበለ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ይተፋል። የቤት ቫኪዩም ስታቲክ ስለሚፈጥር ከካርዱ አርቁት። ፓወር ሰፕላዩን ደግሞ በምንም ተዓምር አትክፈቱ፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ሰው የሚጎዳ ኃይል ይቆያል።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ አልወርድ ካለ፣ ያኔ ነው ካቻቢቴ የሚነሳው። ያኔም ምልክት ፈልጉ። የቺፑና የሆት ስፖቱ ልዩነት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ ድሮ 15 የነበረው አሁን 30 ከሆነ፣ ፔስቱ ከቺፑ ላይ ሸሽቷል ወይም መዳቡ እኩል አልተቀመጠም ማለት ነው። ቺፑ ቀዝቅዞ ሜሞሪው ብቻ ከጋለ ደግሞ ጣጣው ፓዶቹ (የሜሞሪውን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግሩት ለስላሳ ንጣፎች) ላይ ነው። ዋስትና ካለው አትፍቱት፣ መልሱት።

አንድ የጓደኛዬን አሮጌ ካርድ ስፈታ ያየሁት አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። በቺፑ ዙሪያ ያሉትን አራት ብሎኖች በየተራ፣ በሰያፍ እያፈራረቅኩ አላላሁ። ሂትሲንኩን (መዳቡ፣ ቱቦዎቹና ክንፎቹ ያሉበትን ማቀዝቀዣ) ቀስ ብዬ ሳነሳ የፋን ገመዱ አጭር ስለነበረ ገና በስንዝር ሳይነሳ ተወጠረ፤ ብዙ ሰው የሚበጥሰው እዚህ ጋ ነው። ነቀልኩት። ፔስቱ ደርቆ ወደ ጠርዙ ተገፍቷል፣ መሃሉ ግን ባዶ ነው፣ ቺፑ መስታወት ሆኖ ፊቴ ይታየኛል። ከሁሉም የሚግለው መሃሉ አየር ብቻ ነበረው። አየር ደግሞ ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ ያንሳል፤ የፔስት ሥራው ይሄን አየር ማስወጣት ነው። ካርዱ ሲግልና ሲቀዘቅዝ፣ ሲሰፋና ሲጠብ፣ ለዓመታት ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ገፍቶታል።

አሮጌውን በአይሶፕሮፒል አልኮልና ክር በማይለቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ 90 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን። ምንም ብረት አትጠቀሙ። የግራፊክስ ቺፕ ክዳን የሌለው፣ እርቃኑን ስለሆነ አዲሱን ፔስት ሙሉ ገጹን እንዲሸፍን በስሱ ቀቡት። ብሎኖቹን መጀመሪያ ሁሉንም አስያዙ፣ ከዚያ በሰያፍ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፤ አንዱን ጨርሶ ሌላውን መጀመር ቺፑን ይሸርፋል። ፓድ የምትቀይሩ ከሆነ ውፍረቱ ወሳኝ ነው። 1 ሚሊሜትር የነበረበት ቦታ 1.5 ካስገባችሁ መዳቡ ቺፑን አይነካም፣ ካርዱም ከበፊቱ ብሶ ይግላል። ሊኩዊድ ሜታል የሚባለውን፣ በፔስት ፋንታ የሚቀባውን ፈሳሽ ብረት፣ ለጀማሪ አልመክርም። ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየምም ይበላል።

ሁለት ነገሮችን ደግሞ ጨርሶ አትሞክሯቸው። አንደኛው በረዶና ፍሪጅ ነው። ክፍሉ 25 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 60 ከመቶ ከሆነ፣ ከ17 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ ላይ ጤዛ ይቋጠራል። ያ ውሃ ኤሌክትሪክ ባለበት ሰሌዳ ላይ ነው የሚንጠባጠበው። ፍሪጅም ምግብ አቀዝቅዞ ለማቆየት ነው የተሠራው፣ ሳያቋርጥ መቶዎች ዋት የሚያመነጭ ዕቃ አይችልም።

ሁለተኛው የሞተ ካርድን ምድጃ ውስጥ መጋገር ነው። ወሬው የተስፋፋው በአንድ ወቅት ብዙ ቺፖች በእውነት በብየዳ ምክንያት ስለሞቱ ነው። በ2008 ኤንቪዲያ ለተበላሹ የላፕቶፕ ቺፖች መተኪያ 196 ሚሊዮን ዶላር መድቧል፤ በቺፑ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ብየዳዎች በመጋልና በመቀዝቀዝ ብዛት ይሰነጠቁ ነበር። ምድጃ ግን አይፈውሰውም። ያለ ሊድ (እርሳስ የሚባለው ብረት) የተሠራ ብየዳ የሚቀልጠው 217 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ካፓሲተሩና ፕላስቲኩ ከዚያ በፊት ይጎዳሉ። ካርዱ ለጥቂት ቀን ቢነሳ እንኳ ተመልሶ ይሞታል፣ ምድጃው ደግሞ የምትበሉበት ነው።

አዲሱን ፔስት ከቀባችሁ በኋላም ያንኑ የ20 ደቂቃ ፈተና ድገሙና ከድሮው ማስታወሻ ጋር አስተያዩት። የቺፑና የሆት ስፖቱ ልዩነት ከጠበበ ተሳክቷል። ካልጠበበ የፓዶቹን ውፍረት መልሳችሁ እዩ። የሚቃጠል ፕላስቲክ ከሸተታችሁ ግን ምንም አትፈትኑ። የኃይል ሶኬቱን ብቻ ተመልከቱ፤ ከ2022 ጀምሮ አዲሱ ባለ 16 ፒን ሶኬት እስከ መጨረሻው ሳይገባ ሲቀር ሲቀልጥ ታይቷል፣ የቺፑ ሙቀት ያኔም 60 ላይ ደህና ሆኖ ሊያሳያችሁ ይችላል። ከግድግዳው ንቀሉት፣ የቀለጠውን ገመድ መልሳችሁ አትሰኩ፣ ካርዱንም ገመዱንም አንድ ላይ ለሚጠግን ሰው ስጡ።